ሌባውን የቆጠረው ማን ነው? ከሁግሊ አውራጃ እስከ ጣታችን ጫፍ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ስለሆነ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የሆነው ቦታ ላይ ለይቼ እጽፋለሁ።

ዛሬ አሻራ ያልሰጠ ሰው አለ? ለፋይዳ ሰጥተናል፣ ለፓስፖርት ሰጥተናል። «ከወንጀል ነፃ» ማስረጃ ለማውጣት ፖሊስ ዘንድ ተሰልፈን ጣታችንን አስነክተናል። ከሳዑዲ ተጠርዞ የመጣ ወንድማችን «አሻራ ሰጥቻለሁ፣ መመለስ አልችልም» ሲለን ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ይገባናል። በባሕር አቋርጠው አውሮፓ የገቡ ልጆቻችንም መጀመሪያ የረገጡት አገር አሻራቸውን ከያዘ፣ ሌላ አገር ደርሰው ጥገኝነት ሲጠይቁ «ወደዚያው ተመለሱ» ይባላሉ። ጣታችን እኛን ቀድሞ ይናገራል።

ታዲያ ይሄ ነገር ከየት መጣ? ክፍል ውስጥ ይህን ስጠይቅ ተማሪዎቼ «ከለንደን»፣ «ከአሜሪካ» ይሉኛል። አይደለም። የእንግሊዝ ፖሊስና በእሱ አርአያ የተቋቋሙ የብዙ አገር ፖሊሶች ለአሥርተ ዓመታት የሠሩበት የአሻራ አመዳደብ የተወለደው በሕንድ፣ በቤንጋል፣ በቅኝ ገዥ አስተዳደር ውስጥ ነው። (በዚያው ዘመን በአርጀንቲና ሁዋን ቩሴቲች የሚባል ሰው የራሱን ዘዴ አውጥቶ ነበር። እሱ ሌላ ታሪክ ነው።)

ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን የአሻራን ታሪክ ብቻ አይደለም። አንድ መንግሥት «ወንጀል ጨመረ» ወይም «ወንጀል ቀነሰ» ሲል ቁጥሩን ከየት እንደሚያመጣው ነው። ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ የተሳሰሩ ናቸው።

1. ረሃቡና ዳኩዎቹ

ሁግሊ ከካልካታ በስተሰሜን በወንዝ ዳር ያለች የቤንጋል አውራጃ ናት። ሩዝ ይበቅልባታል። ፖርቱጋሎች፣ ሆላንዶችና ፈረንሳዮች ለንግድ የሰፈሩባት የበለጸገች አገር ነበረች። የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1757 ፕላሲ ላይ ድል አደረገ፤ በ1765 ደግሞ የቤንጋልን ግብር የመሰብሰብ መብት ያዘ። ልብ በሉ፣ መንግሥት አይደለም፤ ኩባንያ ነው። ትርፍ ለማግኘት የተቋቋመ ነጋዴ ግብር ሰብሳቢ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ የ1769-70 ረሃብ መጣ። ገዥው ዋረን ሄስቲንግስ በኋላ ሲገምት ከቤንጋል ሕዝብ ሲሶው አልቋል አለ። ግብሩ ግን አልቀነሰም። በ1771 የተሰበሰበው ከረሃቡ በፊት በ1768 ከተሰበሰበው ይበልጥ ነበር። የሞተው ሰው ግብር በተረፈው ትከሻ ላይ ወደቀ።

እንግዲህ በእነዚህ ዓመታት ነው የኩባንያው ደብዳቤዎች ስለ «ዳኮይት» አብዝተው የሚያወሩት። የሕንድ ፊልም ያየ ሰው «ዳኩ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ «ሾሌ» ላይ ያለው ጋባር ሲንግ ዳኩ ነው። በቡድን ሆኖ ሌሊት ችቦ ለኩሶ ቤት ሰብሮ የሚገባ ዘራፊ ማለት ነው። መሬቱን ጥሎ የተሰደደ ገበሬ፣ ጌታው የበተነው ወታደር፣ ከድሮም ዝርፊያ ሥራው የነበረ ሰው፣ ሁሉም በአንድ ስም ተጠሩ።

በ1772 የሄስቲንግስ አስተዳደር ያወጣው ደንብ እንዲህ ይላል፦ ዳኮይት የሆነ ሰው በገዛ መንደሩ ይሰቀል፤ መንደሩ መቀጮ ይክፈል፤ ቤተሰቡ ደግሞ የመንግሥት ባሪያ ይሁን። ሚስትና ልጆች ሳይሰርቁ ተፈረደባቸው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ በሌላ ልብስ ተመልሳ ትመጣለች።

2. ደሞዝና ጉርሻ

በ1793 ጠቅላይ ገዥው ሎርድ ኮርንዋሊስ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ የመሬት ግብሩን ለዘለዓለም ቁርጥ አድርጎ ባላባቶቹን፣ ዘሚንዳር የሚባሉትን፣ የመሬት ባለቤት አደረጋቸው። ሁለተኛ፣ ፖሊስነቱን ከእነሱ ወስዶ ለመንግሥት ሰጠው። ድሮ መንገድና መንደር የሚጠብቁት የዘሚንዳሩ ሰዎች ነበሩ፤ ለአገልግሎታቸውም መሬት ይበሉ ነበር። አሁን ፖሊስ የመንግሥት ሲሆን መሬቱ ተነጠቀ። እነዚህ መሣሪያ የለመዱ ጠባቂዎች ምን ይብሉ? በሚድናፑር አውራጃ ያሉት በ1790ዎቹ መጨረሻ ሸፈቱ። ትናንት «የጸጥታ ኃይል» የነበረው ሰው ዛሬ በመዝገቡ ላይ «ወንጀለኛ» ሆነ። ሰውየው ያው ነው። የተለወጠው መሬቱና ስሙ ነው።

በእነሱ ቦታ አውራጃው በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ፖሊስ ጣቢያ ተሠራለት፤ በላዩም «ዳሮጋ» የሚባል አዛዥ ተሾመበት። የአንድ ዳሮጋ ግዛት ወርዱም ቁመቱም ወደ 20 ማይል ነበር። ጥቂት ዘበኞች ይዞ ያንን ሁሉ አገር ይጠብቃል። ደሞዙ ትንሽ ነበር፤ ማበረታቻው ግን አስገራሚ ነው። ተይዞ ለተፈረደበት ለእያንዳንዱ ዳኮይት 10 ሩፒ፣ ከተመለሰው የተሰረቀ ንብረት ደግሞ ዋጋው 10 በመቶ።

እስኪ ራሳችሁን ዳሮጋ አድርጋችሁ አስቡት። ዝርፊያ ባይኖር ጉርሻ የለም። ዝርፊያ ሲኖር ደግሞ የሚፈለገው የተፈረደበት ሰው ነው። ዘራፊው ይሁን አይሁን ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሰረቀውን ከማሳደድ አቅም የሌለውን ይዞ ማሳመን አይቀልም? ቀለለ እንጂ። የዳሮጋ ግርፋትና ጉቦ በቤንጋል አፈ ታሪክ ሆነ። የመንደር ሰው ቤቱ ሲዘረፍ ነገሩን መደበቅ ጀመረ። ምክንያቱም ዘራፊው የመጣው አንድ ሌሊት ነው፤ ዳሮጋው «ምርመራ ላይ ነኝ» ብሎ ከነጭፍራው ሲሰፍር ግን ቀናት ይቀመጣል፤ የሚበላውም ከመንደሩ ነው።

ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ትምህርት ይሄ ነው። ሰው ለፖሊስ መናገር ሲፈራ በመዝገብ ላይ ወንጀል ይቀንሳል። ሪፖርቱ «ጸጥታ ሰፍኗል» ይላል። መንደሩ ግን እየተዘረፈ ነው።

3. አራት ከሆኑ ሌላ፣ አምስት ከሆኑ ሌላ

ከ1857ቱ ታላቅ አመጽ በኋላ ኩባንያው ተነሥቶ የእንግሊዝ ዘውድ በቀጥታ መግዛት ጀመረ። ሕግም መጣ። የሕንድ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1860 ወጥቶ በ1862 ሥራ ላይ ዋለ፤ የፖሊስ ሕጉ ደግሞ የ1861 ነው። ፖሊሱ የተቀረጸው ከለንደኑ ፖሊስ ይልቅ በአየርላንዱ አምሳል ነው ይባላል። የአየርላንዱ ደግሞ የታጠቀ፣ በካምፕ የሚኖር፣ የተገዛን ሕዝብ ለመያዝ የተሠራ ኃይል ነበር።

በሕጉ አንቀጽ 391 ዳኮይቲ ማለት አምስት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ሆነው የሚፈጽሙት ዝርፊያ ነው። አራት ከሆኑ ተራ ዝርፊያ ነው፤ ስሙም ሌላ ነው፤ በሌላ ዓምድ ይመዘገባል። አሁን የአውራጃው አለቃ «በዚህ ዓመት ዳኮይቲ ለምን በዛ?» ብሎ ቢቆጣ ጣቢያ ያለው ጸሐፊ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ባለቤቱ «ሌሊት ነበር፣ አምስት ይሁኑ ስድስት በደንብ አላየሁም» ካለ አራት ብሎ መጻፍ ነው። በአንድ ብዕር ዳኮይቲ ቀነሰ።

ይሄ የእኔ ቀልድ አይደለም። በ1902-03 በአንድሩ ፍሬዘር የተመራው የፖሊስ ኮሚሽን አገሩን ዞሮ ምስክር ሰምቶ ያገኘው ይህንን ዓይነት ነገር ነው። ፖሊስ በቁጥር ሲመዘን፣ ማለትም «ከተመዘገበው ስንቱ ተፈረደበት?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ የማይፈረድበትን ጉዳይ አለመመዝገብ ይለምዳል። ኮሚሽኑ ሌላም ነገር አልደበቀም፤ ፖሊሱ በሕዝቡ ዘንድ ሙሰኛና ጨቋኝ ተደርጎ እንደሚታይ ጽፏል። ይህን ያሉት ተቃዋሚዎች አይደሉም፤ መንግሥት ራሱ የሾማቸው ሰዎች ናቸው።

እንዲያውም የበለጠ የሚገርመኝ የ1872ቱ የማስረጃ ሕግ ነው። አንቀጽ 25 ለፖሊስ የተሰጠ የእምነት ቃል በተከሳሹ ላይ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም ይላል። ለምን? ሕግ አውጪው ያ ቃል በምን እንደሚወጣ ስለሚያውቅ ነዋ! በ1855 በማድራስ የተቋቋመ አጣሪ ኮሚሽን የግብርና የፖሊስ ሹማምንት ሰው እንደሚያሰቃዩ አረጋግጦ ነበር። ስለዚህ መንግሥት በሕዝቡ ላይ ፖሊስ ሾመ፤ ፖሊሱ የሚያመጣውን ቃል ግን ራሱም አላመነም። ይህ አንቀጽ ሕንድ ነፃ ከወጣች በኋላም ቀጥሏል።

ወደ መንደር እንውረድ። የመንደሩ ዘበኛ «ቾኪዳር» ይባላል። በ1870 የወጣው የቤንጋል ሕግ ደሞዙን የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲከፍል አደረገ። ከእኛ አውጫጭኝ (አፈርሳታም ይባላል) ጋር አስተያዩት። በእኛ አገር ወንጀል ሲሠራና ያደረገው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ ይሰበሰባል፤ አጥፊው እስኪታወቅ አይበተንም፤ የቀረ ይቀጣል። እሱም ክፉ ጎን አለው፤ ንጹሑ ከእርሻው ይውላል፣ ጠላትም ይጠቋቆምበታል። ሆኖም የሚያፋርደው ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል። በቤንጋሉ ግን ገንዘቡን የሚከፍለው መንደሩ፣ ወሬውን የሚቀበለው ጣቢያው ነው። ቾኪዳሩ የጎረቤቶቹን እንጀራ እየበላ ስለ ጎረቤቶቹ ሪፖርት ያደርጋል።

ስለ ወንጀል መውጣትና መውረድስ? ዴቪድ አርኖልድ የሚባል የታሪክ ምሁር የማድራስን የገጠር ዝርፊያ ሲያጠና ያየው ዝርፊያው ከእህል ዋጋ ጋር አብሮ መውጣቱን ነው። እንደ 1876-78ቱ ባሉ የረሃብ ዓመታት ይዘላል፤ ዝናብ ጥሩ ሲሆንና ሩዝ ሲረክስ ይወርዳል። የሩዝ ዋጋን የሚያነብ ሰው የፖሊስ ሪፖርቱን ግማሽ አነበበ ማለት ነው። ገዥዎቹ ግን መልሱን ከዋጋው ይልቅ በሰዎቹ ደም ውስጥ ፈለጉት።

4. የመዳፍ ማኅተም

አሁን ወደ አሻራው እንምጣ። ሐምሌ 1858 ነው፤ አመጹ ገና አልበረደም። ጃንጊፑር በምትባል የቤንጋል ቦታ ዊልያም ሄርሸል የሚባል የ25 ዓመት ሹም አለ። አያቱ ዩራኑስ የምትባለውን ፕላኔት ያገኘው ታዋቂው የከዋክብት ተመራማሪ ነው። ሄርሸል ለመንገድ ሥራ የሚሆን ጠጠር እንዲያቀርብለት ራጃዳር ኮናይ ከሚባል የአገሬው ሰው ጋር ውል ያዘ። ውሉ ተጻፈ። ከዚያ ሄርሸል የሰውየውን መዳፍ ለማኅተም የሚያገለግል ቀለም ቀብቶ ከውሉ ጀርባ አሳተመው።

ለምን? በኋላ ራሱ እንደተረከው ሐሳቡ ሰውየውን አስፈራርቶ ነገ «ፊርማዬ አይደለም» እንዳይል ማድረግ ነበር። ሳይንስ አልነበረም። ወንጀል አልነበረም። ፍርሃትና አለመተማመን ነበር። ደግሞ አስቡት፤ ኮናይ ምንም አልሰረቀም። ጠጠር ሊያቀርብ የመጣ ነጋዴ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሄርሸል ናዲያ አውራጃ ሄደ። በዚያ ጊዜ ናዲያ በኢንዲጎ ጉዳይ ትታመስ ነበር። ኢንዲጎ ሰማያዊ ቀለም የሚወጣበት ተክል ነው። የእንግሊዝ ተክለኞች ገበሬውን በቅድሚያ ክፍያ አስረው በግድ ያስዘሩት ነበር፤ በ1859-60 ገበሬው «አንዘራም» ብሎ ተነሣ። ፍርድ ቤቶች በውል ክርክር ተጥለቀለቁ። አንዱ «ፈርመሃል» ይላል፣ ሌላው «አልፈረምኩም» ይላል፤ ሐሰተኛ ሰነድም በየአቅጣጫው ነበር። ሄርሸል አሻራ መፍትሔ ይሆናል ብሎ ቢያስብም አለቆቹ አልተቀበሉትም።

በ1877 የሁግሊ አውራጃ ገዥ ሲሆን ግን በራሱ ሥልጣን ጀመረው። የት የት መሰላችሁ? አንደኛ ጡረታ ላይ፤ የሞተ ጡረተኛን ስም ይዞ የሚቀበል ሰው እንዳይኖር። ሁለተኛ የሰነድ ምዝገባ ላይ። ሦስተኛ እስር ቤት ውስጥ፤ የተፈረደበት ሰው ሌላ ሰው ቀጥሮ በእሱ ፋንታ እንዳያሳስር። በነሐሴ 1877 ለእስር ቤቶች የበላይ ኃላፊ ደብዳቤ ጽፎ በመላው ቤንጋል እንዲሞከር ጠየቀ። ተቀባይነት አላገኘም። በዓመቱ ሥራውን ትቶ አገሩ ገባ።

ሄርሸል አንድ ትልቅ ነገር አበርክቷል፤ የራሱን አሻራ በየዓመታቱ እያነሣ የጣት መስመር በዕድሜ እንደማይለወጥ አሳይቷል። በ1880 ሄንሪ ፎልድስ የተባለ ቶኪዮ ይሠራ የነበረ ስኮትላንዳዊ ሐኪም አሻራ ወንጀለኛን ለመለየት እንደሚያገለግል በመጽሔት ጻፈ። በ1892 ፍራንሲስ ጋልተን መጽሐፍ አወጣ። ግን አንድ ችግር ቀረ፤ ሺህ ካርድ ካለህ አንዱን እንዴት ታገኘዋለህ?

5. ሁለቱ የተረሱ ሰዎች

መልሱን ያገኙት ካልካታ ፖሊስ ቢሮ ውስጥ ነው። በ1891 የቤንጋል ፖሊስ የበላይ ኃላፊ የሆነው ኤድዋርድ ሄንሪ ሁለት ሠራተኞች ነበሩት፤ አዚዙል ሃክ እና ሄም ቻንድራ ቦስ። ሃክ ካልካታ በሚገኘው ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ሒሳብ የተማረ ወጣት ነበር።

ዘዴውን ክፍል ውስጥ በጠመኔ እንደማሳየው ልንገራችሁ። አሥር ጣታችሁን ዘርጉ። የጣት መስመር ወይ እንደ ገመድ ታጥፎ ይመለሳል፣ ወይ እንደ ቀስት ጎብጦ ያልፋል፣ ወይ እንደ ውሃ አዙሪት ይሽከረከራል። አሁን የምንፈልገው አዙሪቱን ብቻ ነው። ከቀኝ አውራ ጣት ጀምራችሁ አሥሩን ጣት ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ አምስት ጥንድ አድርጉ። የመጀመሪያው ጥንድ ዋጋው 16፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ 4፣ 2፣ 1። አዙሪት ያለው ጣት የጥንዱን ዋጋ ያገኛል፤ የሌለው ዜሮ። ከየጥንዱ ሁለተኛ የሆኑትን ለብቻ፣ አንደኛ የሆኑትን ለብቻ ደምሩ፤ በሁለቱም ላይ 1 ጨምሩ። እያንዳንዱ ድምር ከ1 እስከ 32 ይሆናል። 32 በ32 ሲባዛ 1024። እንግዲህ ባለ 1024 ሣጥን ቁም ሳጥን ሥሩ፤ ማንም ሰው ከነዚህ በአንዱ ይገባል። አንድ ሺህ ካርድ ከማገላበጥ አንድ ሣጥን መክፈት ብቻ ነው። ስንቱ ተማሪ ነው «ሒሳብ ለምን ይጠቅማል?» የሚለኝ!

ጁን 12 ቀን 1897 የሕንድ መንግሥት ዘዴውን አጸደቀ፤ ካልካታም የአሻራ ቢሮ ተከፈተ። ሄንሪ በ1900 መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1901 ለንደን ሄዶ የስኮትላንድ ያርድን የአሻራ ቢሮ ከፈተ፤ በ1903 የለንደን ፖሊስ ኮሚሽነር ሆነ። ዘዴው እስከ ዛሬ «የሄንሪ ዘዴ» ይባላል። ሃክና ቦስስ? ብዙ ዓመት ቆይቶ እያንዳንዳቸው 5,000 ሩፒና የማዕረግ ስም ተሰጣቸው። ሄንሪ በስተርጅና የሃክን ድርሻ በደብዳቤ መስክሮለታል። መጠሪያው ግን አልተለወጠም። ሁሉን የሚለይ ዘዴ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ሳይለዩ ቀሩ።

6. አሻራው ያላለው ነገር

በጃልፓይጉሪ አውራጃ በ1897 አንድ የሻይ እርሻ አስተዳዳሪ ታርዶ ተገኘ፤ ንብረቱም ተሰርቋል። ከዕቃዎቹ መካከል በነበረ የቀን መቁጠሪያ መጽሐፍ ላይ የደበዘዘ የጣት ምልክት አለ። ካልካታ ቢሮ ሲፈተሽ ከአንድ ሰው ጋር ገጠመ፤ ካንጋሊ ቻራን ይባላል፤ ከዚያ በፊት በስርቆት ታስሮ የወጣ የቀድሞ አሽከር ነው። በ1898 ፍርድ ቤት ቀረበ።

ፍርዱ ምን ሆነ? በስርቆቱ ተፈረደበት፤ በግድያው ግን ነፃ ወጣ። አሻራው ሰውየው መጽሐፉን መንካቱን ይናገራል፤ መግደሉን አይናገርም። ፍርድ ቤቱ ማስረጃው የሚለውንና የማይለውን ለየ። እኔ ይህን ፍርድ ከመላው ታሪኩ አብልጬ እወደዋለሁ። መሣሪያው አዲስ በሆነበት፣ ሁሉም በተደነቀበት ሰዓት፣ «እስከዚህ ድረስ ብቻ» ያለ ሰው ተገኘ።

ግን ሁሉም ሰው ፍርድ ቤት የመቅረብ ዕድል አላገኘም። እዚህ ላይ ነው ያዙልኝ ያልኳችሁ የ1772 ደንብ ተመልሶ የሚመጣው።

7. ወንጀለኛ ሆኖ መወለድ

በ1871 «የወንጀለኛ ነገዶች ሕግ» ወጣ። መጀመሪያ በሰሜን ሕንድ፣ በ1876 ቤንጋልን ጨምሮ፣ በ1911 በመላው የእንግሊዝ ሕንድ። መንግሥት አንድን ማኅበረሰብ «ወንጀለኛ ነገድ» ብሎ ያውጃል፤ ከዚያ አባላቱ ይመዘገባሉ፣ በሰዓቱ ለጥሪ ይቀርባሉ፣ ያለ ፈቃድ ወረቀት ከቦታቸው አይወጡም። ክርክሩ ቀላል ነበር፤ ሕንድ ውስጥ ሥራ በዘር ነው፣ የአናጺ ልጅ አናጺ ነው፣ ስለዚህ የሌባ ልጅ ሌባ ነው። ብዙዎቹ ዘላኖች፣ ጨውና እህል በእንስሳት ጭነው የሚነግዱ፣ አዝማሪና ተጫዋች ነበሩ። ባቡርና አዲስ ሕግ ሥራቸውን ሲወስድባቸው መንገድ ላይ መገኘታቸው ብቻ ጥርጣሬ ሆነ። የ1911ዱ ሕግ ደግሞ አሻራቸው እንዲወሰድ ፈቀደ።

እኛም «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» እንላለን። ተረት ሆኖ ሲቀር ያስቃል። ሕግ ሲሆን አያስቅም።

አሁን ወደ ቁጥሩ ተመለሱ። በዚህ ሕግ መሠረት የታመመ ዘመድ ለመጠየቅ ያለ ወረቀት ጎረቤት መንደር የሄደ ሰው ወንጀል ሠራ። ተያዘ፣ ተፈረደበት፣ ተመዘገበ። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርቱ «ይህ ነገድ ይህን ያህል ወንጀል ፈጸመ» ይላል። ሪፖርቱ ደግሞ ነገዱ ለምን መመዝገብ እንዳለበት ማስረጃ ይሆናል። ወንጀሉን የሠራው ሕጉ ራሱ ነው፤ ቁጥሩ ግን በሰዎቹ ስም ተጻፈ። ሕንድ በ1947 ነፃ ወጣች፤ ሕጉ የተሻረው ነሐሴ 31 ቀን 1952 ነው። እነዚያ ማኅበረሰቦች እስከ ዛሬ «ከዝርዝሩ የወጡ ነገዶች» ይባላሉ። ከዝርዝር ወጡ፣ ስሙ አልወጣላቸውም።

8. መንገዱ ወደ እኛ ሰፈር

ዘዴው ከቤንጋል ወጥቶ ለንደን ብቻ አልሄደም። ሄንሪ በ1900 ፖሊስ እንዲያደራጅ ወደ ጆሃንስበርግ ተልኮ ነበር። በ1906 እዚያው ትራንስቫል ውስጥ ከ8 ዓመት በላይ የሆነ እስያዊ ሁሉ አሻራ ሰጥቶ እንዲመዘገብ ድንጋጌ ወጣ። ያን ጊዜ «አንመዘገብም» ብሎ ሕዝብ ያስተባበረው ጠበቃ ጋንዲ ነው፤ የሰላማዊ ትግሉ መነሻ ይሄ ነው። ወደ እኛ ቀረብ ስንል ደግሞ ኬንያ አለች። በ1915 በወጣውና ከጦርነቱ በኋላ በተተገበረው ሕግ ከ16 ዓመት በላይ የሆነ አፍሪካዊ ወንድ አሻራው ያለበትን «ኪፓንዴ» በብረት ማኅደር አድርጎ እንዲይዝ ተገደደ፤ አብዛኛው አንገቱ ላይ ያንጠለጥለው ነበር። ዓላማው ከነጭ እርሻ የጠፋ ሠራተኛን መያዝ ነው። ሥራ መልቀቅ ወንጀል ሆነ፤ የኬንያም የወንጀል ቁጥር «ጨመረ»።

ይህን ሁሉ ያልኩት አሻራ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። እኔም ሰጥቻለሁ። አሻራ ንጹሕ ሰውን ከእስር አውጥቷል፤ የሞተ ሰው ጡረታ የሚበላን አጋልጧል። በድሮ ጊዜ በእኛ አገር ሌባ ሻይ በሚባለው ልማድ ሕፃን ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ከዚያ አሻራ በስንት ጣዕሙ!

ጥያቄው አሻራውን ማን ይይዘዋል፣ ማንስ «ተሳስታችኋል» ማለት ይችላል የሚለው ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1728 ላይ አንድ ነገር አለ። መጻፍ የማይችል ሰው በፊርማው ፋንታ ጣቱን ማተም ይችላል። ነገር ግን ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው የፈረመው ውል በውል አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ከኮናይ መዳፍ ጋር አስተያዩት። ሄርሸል መዳፉን ያሳተመው ደካማው እንዳይክድ ነው። ይሄኛው ሕግ ምስክር የሚጠይቀው ደካማው እንዳይታለል ነው። ጣቱ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚጠበቀው ሰው ግን ተገልብጧል።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቴሌቪዥን ላይ «ወንጀል በዚህን ያህል በመቶ ቀነሰ» ወይም «እነ እገሌ የሚባሉት ወንጀለኞች ናቸው» ሲባል ስትሰሙ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ማን ቆጠረው? ቆጣሪው ቁጥሩ ሲወጣ ወይም ሲወርድ ምን ያገኛል? የተቆጠረውስ ሰው መልስ የሚሰጥበት ቦታ አለው? የሁግሊ ገበሬ ሦስቱንም መጠየቅ አልቻለም። እኛ እንችላለን።

አስተያየት ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ በተለይ ስለ አውጫጭኝ ከአባቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ ለተማሪዎቼ አነበዋለሁ።